ጭነቱን የሚሸከመው ነፋሱ ነው

በመቻራ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ የራሱ መኪና ባይኖረውም ከመኪና ጎማ ጋር ጉዳይ አለው። ቡናው፣ ጫቱ፣ በቆሎውና ሰንጋው ወደ ገለምሶ፣ ወደ በዴሳና ወደ ጭሮ የሚሄደው በጎማ ላይ ነው። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩም የሚመጣለት በጎማ ነው። ሌሊት ሚስቱን ምጥ ሲይዛት ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳት አምቡላንስም በአራት ጎማ ይሄዳል። እንግዲህ ጎማ የሹፌርና የጎሚስታ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም። ቁልቁለት ላይ ጎማ ሲፈነዳ ሹፌሩ ብቻውን አይገለበጥም። ከጭነቱ ላይ የተቀመጠውም አብሮ ይገለበጣል።

ስለ ጎማ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ደግ ነው። ነገር ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ይኸውም «ነፋሱ ስንት ነው?» የሚለው ነው። አዲስ ጎማ ነፋሱ አንሶ ከባድ ጭነት ከተጫነበት በአንድ ቀን መንገድ ሊበላሽ ይችላል። ጥርሱ ያላለቀ ያገለገለ ጎማ ግን ነፋሱ በልኩ ከተያዘ ገና ብዙ ይሠራል።

ጎማ ጭነት የሚሸከመው እንዴት ነው? ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ላስቲኩ የሚሸከመው ይመስለናል። አይደለም። ነፋሱ ወጥቶ ሲያልቅ ያው ወፍራም ላስቲክ መሬት ላይ ይተኛል፤ ቸርኬውም ይጨፈልቀዋል። ላስቲኩ የነፋሱ አቁማዳ ነው። ባዶ አቁማዳ አይቆምም፤ እህል ሲሞላ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎማም እንዲሁ ነው። በውስጡ የታመቀው ነፋስ በየአቅጣጫው ስለሚገፋ መኪናውን ከነጭነቱ ከመሬት ያነሳዋል።

ነፋስ ያለበት ጎማ ከመገኘቱ በፊት ጋሪና ሠረገላ የሚሄዱት በእንጨት፣ በብረትና በደንዳና ላስቲክ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1845 ሮበርት ቶምሰን የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነፋስ የሚሞላ ጎማ ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ። ነገር ግን ሥራው በጊዜው አልተስፋፋም። ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ጆን ደንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ሆኖ ይኸንኑ ነገር እንደገና አወጣው። ምክንያቱ የልጁ ብስክሌት ነበረች። ባለ ሦስት እግሯ ብስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ ልጁን እያንገጫገጨች አስቸገረችው። አባትየው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነፋስ ሞልቶ በመንኮራኩሮቿ ዙሪያ አሰረላት። ዛሬ የዓለም ጭነት የሚሄድበት ነገር ከከብት ሐኪም ቤት የወጣ መሆኑ ያስገርማል።

እንግዲህ ጥያቄው ስንት ነፋስ ይሞላ ነው። «በደንብ ይጠንክር» የሚል አለ። «ትንሽ ይለስልስ፣ እንዳያንገጫግጭ» የሚልም አለ። ሁለቱም ለብቻው ትክክል አይደለም። የነፋሱ ልክ የሚታወቀው በጭነቱ፣ በመንገዱና በፍጥነቱ ነው።

ይኸን ለመረዳት የግመልንና የአህያን ኮቴ እናስተያይ። ግመል ከአህያ እጅግ ይከብዳል። ሆኖም በሚኤሶ ቆላ አሸዋ ላይ ሲሄድ እግሩ አይሰምጥም። አህያ ግን ጭቃ ሲገባ እግሩ እንደ ችካል ይተከላል። ለምን? የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ክብደቱን በብዙ መሬት ላይ ያካፍላል። የአህያ ኮቴ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል። በጣም የተነፋ ጎማ የአህያ ኮቴ ነው። ነፋሱ ቀነስ ያለ ጎማ የግመል እግር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው፤ ደብተርና እርሳስ ያለው አብሮን ይሥራ። የአንድ የጭነት መኪና አንድ የኋላ ጎማ 12 ኩንታል ተሸከመ እንበል። ይህ 1200 ኪሎ ነው። በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ በ6 ኪሎ ኃይል ይገፋል እንበል። አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ናት። 1200 ለ6 ሲካፈል 200 ይሆናል። ስለዚህ ጎማው መሬቱን የሚነካው በ200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ የአንድ ሰው የእግር ዱካ ያህል። 12 ኩንታል በአንድ እግር ዱካ ላይ! አሁን ነፋሱ ወደ 4 ዝቅ ይበል። 1200 ለ4 ሲካፈል 300 ነው። ጭነቱ አልተለወጠም፤ ጎማው ግን ተጨፍልቆ መሬቱን የሚነካበት ቦታ በግማሽ ጨመረ። የጎማው ጎንም ጥቂት ስለሚያግዝ ልኩ በትክክል እንዲህ አይወጣም፤ ለመረዳት ግን ይበቃል።

መሬቱን የሚነካው ቦታ መስፋቱ በአሸዋ ላይ ጥሩ ከሆነ፣ ታዲያ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ያለው በጎማው ጎን ላይ ነው። ጎማው ሲጨፈለቅ ጎኑ ይታጠፋል። መኪናው ሲሄድ አንዱ ጎን ከታች ሲሆን ይታጠፋል፣ ወደ ላይ ሲዞር ይቃናል፣ እንደገና ሲወርድ ይታጠፋል። የአይሱዙ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ጊዜ ያህል ይዞራል። በ100 ኪሎ ሜትር 40,000 ጊዜ ነው። ሽቦ በእጃችን ይዘን ወዲያና ወዲህ ብናጣጥፈው መታጠፊያው ይሞቃል፤ ኋላም ይበጠሳል። ነፋሱ ያነሰ ጎማም እንዲሁ ነው። ከመጠን በላይ እየታጠፈ ይሞቃል። ላስቲኩና በውስጡ ያለው ክር ወይም ሽቦ እየተላቀቁ ይሄዳሉ። ኋላ ይፈነዳል።

ነፋሱ ያነሰ ጎማ መኪናው ሲነሳ አይፈነዳም። ቀስ ብሎ ጠጠር መንገድ ላይ ሲሄድም ብዙ ጊዜ ይታገሣል። የሚፈነዳው መኪናው አስፋልት ገብቶ፣ ፍጥነት ጨምሮ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ከተጓዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ መቻራ ላይ ተሠርቶ ጉዳቱ ከጭሮ በታች፣ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «የቆላው ሙቀት አፈነዳው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የቆላው ሙቀት የጨመረው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ሙቀት የሠራው ግን የጎማው መታጠፍ ነው።

ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማም የራሱ ጣጣ አለው። መሬቱን የሚነካው በመሐሉ ብቻ ስለሆነ መሐሉ ቶሎ ያልቃል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ደግሞ ዳርና ዳሩ ያልቃል። ይኸን ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ ሊለየው ይችላል። በጣም የጠነከረ ጎማ በጠጠር ላይ እየዘለለ ይሄዳል። ጎማው ከመሬት በተነሳ ጊዜ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም። ባሌስትራው ይሰበራል። ቲማቲሙ ይፈርጣል፣ እንቁላሉ ይሰበራል።

ድንጋይም አለ። በመቻራ አካባቢ ያለው ተራራ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። እነ አቼሬና አይናጌ የሚባሉት ትልልቅ ዋሻዎች የተፈለፈሉት ውሃ ይኸን ድንጋይ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየበላው ነው። ውሃ የበላው የኖራ ድንጋይ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል። ልኩን የያዘ ጎማ ሹል ድንጋይ ሲረግጥ ትንሽ ገባ ብሎ ያልፈዋል። እንደ ከበሮ የተወጠረ ጎማ ግን መግቢያ ስለሌለው ይቆረጣል። እጅግ የለሰለሰው ደግሞ ጎኑ ወደ ውጭ ስለሚያብጥ ድንጋዩ ጎኑን ይቀደዋል። የጎን ቅዳድ ደግሞ ጎሚስታ የሚለጥፈው አይደለም። ለጥፌዋለሁ የሚልም ካለ አትመኑት።

አሁን ወደ መለካቱ እንምጣ። በአገራችን የጭነት መኪና ረዳት ጎማውን በብረት ይመታዋል። ድምፁን ሰምቶ «ደህና ነው» ይላል። ይኸ ልማድ ጨርሶ አይጣልም፤ ባዶ የሆነውን ጎማ ይለያል። ነገር ግን 85 መሆን ሲገባው 60 የሆነውን ጎማ በድምፅ መለየት አይቻልም። በዓይን ማየትም አይበቃም። ለዚህ የነፋስ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው፤ በኪስ ይገባል፤ ጎሚስታው ጋ አይጠፋም።

እንበል፣ ቡና የሚያስጭኑ አንድ አዛውንት ሹፌሩን ይጠይቁታል።

«ወንድሜ፣ ጎማውን አየኸው?»

«አዎ አባባ፣ ረዳቱ መትቶታል። ደህና ነው።»

«መምታቱንማ ሰማሁ እኮ። ቁጥሩን ነው የጠየቅሁህ።»

ሹፌሩ ምናልባት ይከፋው ይሆናል። ግን ጥያቄው ትክክል ነው። ዕቃው የእሳቸው ነው፤ ከቡናው ጋር የሚሳፈረውም ልጃቸው ነው።

ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው የጎማን ነገር ከሹፌሩ አፍ ብቻ መስማት የለበትም። መኪናው ራሱ ተጽፎበታል። ብዙ መኪና የሹፌሩን በር ሲከፍቱት በምሰሶው ላይ ወይም በበሩ ጠርዝ አንድ ወረቀት ተለጥፎበታል። የፊት ጎማ ይህን ያህል፣ የኋላ ጎማ ይህን ያህል ይላል። በአንዳንዱም ላይ ባዶ ሲሆንና ሲጫን የተለያየ ቁጥር አለ። ፊደሉ የላቲን ቢሆንም ቁጥሩ እኛ የምናውቀው ቁጥር ነው። የመኪናውና የጎማው ሥዕል ስላለበት የትኛው የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ይታወቃል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። መለኪያው ሁሉ በአንድ ቋንቋ አይናገርም። ጎሚስታ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ፒ ኤስ አይ የሚባለውን ነው። «35 አድርገው»፣ «90 አድርገው» ሲባል ይኸው ነው። ሌላው ባር ይባላል። 1 ባር 14 ተኩል ፒ ኤስ አይ ያህል ነው፤ በካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ከሚባለውም ብዙ አይለይም። በመኪናው ወረቀት ላይ 250 የሚል ቁጥር ቢገኝ አያስደንግጥ፤ በኪሎ ፓስካል ስለተጻፈ ነው። 100ው 1 ባር ስለሆነ 250 ማለት 2 ባር ተኩል፣ በጎሚስታው አፍ 36 ማለት ነው። ቀላል የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ 30 ገደማ ይሞላል። የተጫነ አይሱዙ የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። ትልቁ ባለ ተሳቢ ከመቶ ያልፋል።

በጎማው ጎን ላይም ጽሑፍ አለ። እዚያ ያለው ትልቁ የነፋስ ቁጥር የመጨረሻው ወሰን ነው። «ይህን ያህል ኪሎ፣ በይህን ያህል ነፋስ» ይላል እንጂ «ሁልጊዜ ይህን ሙላ» አይልም። የኪሎውን ቁጥር በጎማዎቹ ብዛት ብናባዛው ጎማዎቹ በአንድነት ሊሸከሙ የሚችሉት ወሰን ይወጣል። ከዚያ ውስጥ የመኪናው የራሱ ክብደት ይቀነሳል። በዚህ ዓይነት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ደብተር ይዞ ጎማዎቹ ከስንት ኩንታል በላይ እንደማይሸከሙ ሊያውቅ ይችላል። ከወሰኑ በላይ ለጫነ ሰው የሚረዳው ነፋስ የለም። ነፋስ መጨመር የጭነትን ትርፍ አይሰርዝም።

በጎኑ ላይ ሌላም አራት ቁጥር አለ፤ በትንሽ ክብ ወይም ሞላላ ሠሌዳ ውስጥ ይቀመጣል። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2019 ዓ.ም.፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ፣ ጥርሱ ቢኖርም፣ ከሥራ ይውጣ ይላሉ። ያገለገለ ጎማ ለሚገዛ ሰው ይህች ቁጥር ከሻጩ መሐላ ትበልጣለች።

የሚለካው መቼ ነው? ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ልክ ሁሉ ለቀዝቃዛ ጎማ የተጻፈ ነው። ነፋስ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ጎማ ውስጥ ስለታሰረ መለጠጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 30 የነበረው ጎማ 31 ያህል ይሆናል፤ 90 የነበረው 93 ያህል ይሆናል። ረጅም መንገድ የተጓዘ የጭነት መኪና ጎማ ጠዋት 85 ከነበረ ከሰዓት በኋላ 95 ቢሆን አያስገርምም። ጎማው ሲሠራ ይኸ እንደሚመጣ ታስቧል።

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር ይሳሳታል። ከመቻራ በቀዝቃዛው ጠዋት ይነሳል። እኩለ ቀን ላይ ሚኤሶ ይደርሳል። ጎማውን ይነካዋል፤ እንደ ምጣድ ሞቋል። «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ነፋሱን ያስተነፍሳል። ጎማው ግን የሞቀው ነፋሱ አንሶበት ሊሆን ይችላል። ነፋሱን ሲቀንስለት መታጠፉ ይብሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ማታ ሲበርድ ደግሞ ጠዋት ከነበረው በታች ይወርዳል። በማግስቱ ጭነት ጭኖ ወደ ደጋ ሲመለስ በባሰ ጎማ ይመለሳል። የሞቀ ጎማ ቢያስፈራ ማድረግ የሚገባው ጥላ ፈልጎ ማቆም፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከዚያ መለካት ነው። ውሃ መድፋትም ሆነ ማስተንፈስ አያስፈልግም።

የኋላ ጎማቸው ጥንድ የሆኑ መኪናዎች ላይ አንድ የተደበቀ አደጋ አለ። ከጥንዱ የውስጠኛው ጎማ ለመለካት ስለማይመች ይዘለላል። የውስጠኛው ነፋሱ ሲያንስ ጭነቱን ለውጭኛው ይተውለታል። ሁለት በሬ ተጠምዶ አንዱ ሲለግም እንደሚሆነው ነው። የውጭኛው ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፤ የውስጠኛው ደግሞ እየታጠፈ ይሞቃል። በሁለቱ መካከል ድንጋይ ሲሰካም ጎናቸውን ይፈጨዋል። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን መኪናው ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ስንት ጊዜ ነው ያ የውስጠኛው ጎማ የተለካው?

ከመንገድ ውጭ ስለሚሄዱ መኪናዎች ደግሞ እንናገር። ላንድክሩዘር አምቡላንስ፣ የክትባትና የእርዳታ መኪና ከመቻራ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሀዊ ጉዲና ቆላ ይወርዳል። እዚያ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ያቋርጣል። አሸዋ ላይ ጎማው መስመጥ ሲጀምር ሹፌር ነዳጅ ይሰጠዋል። ጎማው ይሽከረከራል፤ እንደ ቆፋሪ ጉድጓዱን ያጠልቀዋል። ከዚያ ሰው ይጠራል፣ ይገፋል። አስቀድሞ ነፋሱን ቀንሶ ቢሆን ኖሮ እንደ ግመል ያልፍ ነበር።

ይኸንን ብልሃት በትልቁ ከሠሩበት ሰዎች አንዱ ራልፍ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ከግብፅ ተነስቶ በሊቢያ በረሃ በፎርድ መኪና ተጓዘ። መኪና አይሻገረውም የተባለውን የአሸዋ ተራራ የጎማውን ነፋስ እየቀነሰ ተሻገረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940፣ በዚያው በረሃ በመኪና የሚዘዋወር የቅኝት ጦር ያቋቋመው እርሱ ነው። ዛሬም አልጋና ማድቤት የተሠራባቸውን መኪናዎች ይዘው አፍሪካን የሚያቋርጡ መንገደኞች በዚሁ ይሠሩበታል። የነሱ መኪና ቤት ተሸክሞ ስለሚሄድ ሁልጊዜ እንደተጫነ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲወስኑ መጀመሪያ መኪናውን ከነውሃው፣ ከነነዳጁና ከነዕቃው ያስመዝናሉ።

ልኩ እንዲህ ነው። በአስፋልት ላይ 36 የሚሞላ ላንድክሩዘር በጠጠር መንገድ 28 ያህል ቢሆን መንገዱን ይይዛል፣ ድንጋይም አይቆርጠውም። ለስላሳ አሸዋ ሲገባ ግማሹ፣ 18 ያህል ይበቃዋል። ነገር ግን ነፋስ የቀነሰ ሰው ፍጥነትም መቀነስ አለበት። በ18 ነፋስ ከሰው ሩጫ ብዙም በማይበልጥ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ መሪውንም በድንገት አይጠመዝዝም፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላልና። አሸዋው እንዳለቀ ወዲያው ይሞላል። ለዚህ ፖምፓ ወይም በመኪናው ባትሪ የሚሠራ መሙያ መያዝ ግድ ነው። መሙያ ሳይኖር ማስተንፈስ እንጨት ሳይኖር እሳት እንደማጥፋት ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ የጭነት መኪና ግን በዚህ አይጫወትም። እርሱ መጀመሪያ ጭነቱን ያራግፍ።

ጭቃ ከአሸዋ ይለያል። ነፋስ መቀነስ ጥቂት ይረዳል፤ ኮትቻ አፈር ግን በጎማው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የሚበጀው ሰንሰለት ማሰር፣ ድንጋይና ቅጠል መደልደል፣ ካልሆነም ፀሐይ እስኪመታው መጠበቅ ነው። በክረምት ወደ ቀበሌዎች በሚገባው መንገድ ላይ ይኸን ሁላችንም አይተነዋል።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የአንዳንድ የጭነት መኪና ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ ጎማው እንዳይወልቅ የሚይዘው የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በደንብ ሳይገባ ነፋስ ከተሞላ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጎሚስታ እንዲህ ያለውን ጎማ ሲሞላ በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ ወይም በሰንሰለት ጠፍሮ፣ ረጅም ቱቦ ይዞ፣ ከጎን ራቅ ብሎ መቆም አለበት። በገበያ ቀን ልጆች ማሽኑን ለማየት ይከባሉ። ከቀለበቱ ፊት ለፊት ልጅ ቆሞ ሲታይ ማንም ሰው፣ ልጁ የማንም ይሁን፣ ሊያስነሳው ይገባል።

ባጃጅና ጋሪም ጎማ አላቸው። ባጃጅ ሦስት ጎማ ብቻ ስላለው አንዱ ሲያንስ ወደዚያው ያዘነብላል፤ መታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። የጋሪ ጎማ ነፋሱ ሲያንስ የሚጎዳው እንስሳው ነው። ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ባዶውን ጋሪ በለሰለሰ ጎማ በእጅ ገፍቶ ማየት፤ ከዚያ በፖምፓ ሞልቶ እንደገና መግፋት። ፈረሱ ወይም አህያው ቀኑን ሙሉ የሚጎትተው ያን ልዩነት ነው።

ነፋስ ሳይታወቅ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በአፉ በኩል ነው። ጎሚስታ በጣቱ ምራቅ አድርጎ የነፋስ መግቢያውን ሲነካው አይታችሁ ይሆናል። ምራቁ አረፋ ከሠራ ያስተነፍሳል ማለት ነው። ክዳኑ ከጠፋ አቧራና ጭቃ ገብቶ ያበላሸዋል፤ ክዳኑ ርካሽ ነውና ይገዛ። ካላማዳሪ የሚባለው የውስጥ ጎማ ደግሞ ደኅና ቢሆንም ነፋስ በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚወጣ፣ ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ፣ ለጭነት መኪና ግን ጭነት በያዘ ቁጥር መለካት ነው።

ስኮርታውም ይለካ። ከመኪናው ሥር ወይም ከላይ ታስሮ ስለሚኖር ማንም አያስበውም። ሲወርድ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስኮርታ ሲቀመጥ ለዚያ መኪና ከሚያስፈልገው ከፍተኛ ልክ ጋር ይሞላል፤ ለፊትም ለኋላም ሊገባ ይችላልና። ከገባ በኋላ የተረፈውን ማስተንፈስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የጎደለውን ለመሙላት ግን ጎሚስታ ያለበት ከተማ መድረስ ያስፈልጋል።